ቁጣን የማያበርድ ሣቅ
የጭውውት ደራሲውና ተዋናዩ የዳሪዮ ፎ ሕይወትና ሥራ

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በሮዶልፎ ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ የተፈጸመው ጭፍጨፋ ለአንባብያን እንግዳ ታሪክ አይደለም። ከዚያ የእልቂት ታሪክ ውስጥ ግን የኪነ ጥበብ ሰዎች ለብቻው ነጥለው ሊያስታውሱት የሚገባ አንድ ገጽ አለ። በተከታዩ ወር፣ በመጋቢት 1929 ዓ.ም.፣ ግራዚያኒ ወደ ሮም ባስተላለፈው ቴሌግራም፣ በከተማይቱና በአካባቢዋ እየዞሩ ታሪክ የሚያዜሙ፣ ንግርት የሚናገሩና የሚጠነቁሉ ሰዎች ሁሉ ተይዘው እንዲረሸኑ ማዘዙን፣ እስከዚያች ዕለትም 70 ያህሉ መገደላቸውን አስታውቋል። የቀረበባቸውም ክስ ስለ መጪው ጊዜ የሚያስፈራ ወሬ በሕዝቡ መካከል ይነዛሉ የሚል ነበር።

አውሮፕላንና የመርዝ ጋዝ የታጠቀ ኃይል፣ መሰንቆ ይዞ ከቤት ቤት የሚዞረውን አዝማሪ ይህን ያህል የፈራው ስለ ምን ነው? ይህ ጥያቄ በእኛ አገር ብቻ የተነሣ አይደለም። ከዚያ ሰባት መቶ ዓመታት ቀደም ብሎ፣ በ1221፣ ንጉሠ ነገሥት ፍሬድሪክ 2ኛ በሲሲሊ ደሴት በመሲና ከተማ ሳለ በዘዋሪ ቀልደኞች ላይ አንድ ሕግ አውጥቶ ነበር። ሕጉ አፋቸውን በሰው ላይ የሚከፍቱትን ቀልደኞች የሰደበ፣ የደበደበ፣ ሲብስም የገደለ ሰው ለፍርድ እንዳይቀርብ የሚፈቅድ ነው ሲል አንድ ኢጣልያዊ ተዋናይ በ1997 በስቶክሆልም ለተሰበሰቡት የዓለም ምሁራን አስታወሰ። ተዋናዩ በዚያ ቦታ የቆመው የኖቤልን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ለመቀበል ነበር። ለንግግሩም ርዕስ ያደረገው ያንኑ የድሮ ሕግ ስም ነው። ይህ ሰው ዳሪዮ ፎ ይባላል። (ከዚህ በኋላ ዓ.ም. ተብለው ያልተጻፉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፎ ሥራውን የጀመረው ለራዲዮና ለመድረክ አጫጭር ጭውውት በመጻፍና በመጫወት ነው። ሽልማቱ በተሰጠው ዕለት በገዛ አገሩ እንኳ «ቀልደኛ እንዴት የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ያገኛል?» ብለው የተገረሙና የተቆጡ ብዙዎች ነበሩ። ጭውውትን የእረፍት ሰዓት ማሟያ አድርጎ መመልከት እኛም ዘንድ የተለመደ አስተሳሰብ በመሆኑ፣ የዚህን ሰው ሕይወትና ሥራ መመርመር የሚጠቅመን ይመስለኛል።

የሐይቁ ዳር ተራኪዎች

ዳሪዮ ፎ መጋቢት 24 ቀን 1926 በሰሜን ኢጣልያ፣ በሎምባርዲያ ክፍለ አገር፣ ሳንጃኖ በምትባል ትንሽ መንደር ተወለደ። አባቱ የባቡር ጣቢያ ሹም፣ በእምነቱ ሶሻሊስት፣ በትርፍ ጊዜውም የቴያትር አፍቃሪ ነበር። እናቱ የገበሬ ልጅ ነበረች። የባቡር ሠራተኛ ቤተሰብ እንደ መሆናቸው መጠን በማጆሬ ሐይቅ ዙሪያ ከጣቢያ ወደ ጣቢያ እየተዛወሩ ኖረዋል።

የፎን የመጀመሪያ ትምህርት ቤት ሰዎቹ ናቸው ለማለት ይቻላል። የእናቱ አባት አትክልት በጋሪ ጭኖ እየዞረ የሚሸጥ ገበሬ ሲሆን፣ ገዢዎቹን የሚሰበስበው በቀልድና በተረት ነበር። የየመንደሩን የሰሞኑን ወሬ ከጥንት ተረት ጋር እያዋሐደ ሲያወራ ሕፃኑ ዳሪዮ ከጋሪው ላይ ተቀምጦ ያዳምጥ ነበር። በሐይቁ ዳር በምትገኘው በፖርቶ ቫልትራቫሊያ ደግሞ ዓሣ አጥማጆች፣ ኮንትሮባንድ አሻጋሪዎችና በመስታወት ፋብሪካ የሚሠሩ ሰዎች ማታ ማታ ተሰብስበው ማመን የሚያስቸግር ታሪክ ይተርካሉ። በተረቱ ውስጥ ያለው ሞኝ መጨረሻ ላይ ከጌታው ይልቅ ብልህ ሆኖ ይገኛል። ፎ እስከ እርጅናው ድረስ የቴያትርን ሙያ ያስተማሩኝ እነዚህ ሰዎች ናቸው ይል ነበር።

ወደ ሚላኖ ሄዶ በብሬራ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ሥዕል ተማረ፤ ቀጥሎም የሕንፃ ንድፍ ጀመረ። የሕንፃውን ትምህርት ሳይፈጽም ቢተወውም ሥዕል ግን እስከ ዕለተ ሞቱ አብሮት ኖሯል። ጭውውቱን ከመጻፉ በፊት ይሥለው ነበር። በስቶክሆልምም ለአድማጮቹ ያደላቸው በጽሑፍ ፈንታ በቀለም የተሣሉ ገጾችን ነው።

አንድ የደንብ ልብስ

ስለ ፎ የሚጻፈው ውዳሴ ብዙ ጊዜ በዝምታ የሚያልፈውን አንድ ምዕራፍ ኢትዮጵያዊ ጸሐፊ ሊዘለው አይገባም። በ1944 ፎ 18 ዓመት ሲሞላው በሰሜን ኢጣልያ በጀርመኖች ጥላ ሥር የቆመው የሙሶሊኒ መንግሥት ወጣቶችን ለጦርነት ይጠራ ነበር። ፎም በዚያ መንግሥት የጃንጥላ ወታደሮች ክፍል ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ተመዝግቦ የደንብ ልብሱን ለብሷል። የዚያ ጦር የመከላከያ ሚኒስትር ማን እንደ ነበር አንባቢው ልብ ይበል፤ ራሱ ሮዶልፎ ግራዚያኒ ነው። የኋለኛው ዘመን የአዝማሪዎች ጠበቃ በወጣትነቱ በአዝማሪዎች ገዳይ ጦር ውስጥ ቆሞ ነበር ማለት ነው።

ነገሩ በ1970ዎቹ በጋዜጣ ሲነሣ ፎ ስም ማጥፋት ነው በማለት ከሰሰ፤ በቫሬዜ በተካሄደው ችሎት ግን የደንብ ልብሱን በፈቃዱ ለብሶ እንደ ነበረ ተረጋገጠ። እርሱ በበኩሉ የገባሁት ቤተሰቤ እንዳይጠረጠር ስል ነው፣ ኋላም ከድቼ ተደብቄአለሁ ሲል አስረድቷል። አባቱ በጸረ ፋሺስት ትግል ተሰልፎ ስደተኞችንና ያመለጡ እስረኞችን ወደ ስዊዘርላንድ ያሻግር ነበር። ይህ ማስረዳት የቱን ያህል እንደሚያነጻው ፍርዱን ለአንባቢ እተዋለሁ። ነገር ግን ሌላውን ሁሉ ያለ ርኅራኄ የመረመረ ቀልደኛ፣ ይህችን የገዛ ሕይወቱን ገጽ ወደ መድረክ አውጥቶ እንደዚያው ቢመረምራት ኖሮ ክብሩ ይጨምር እንጂ አይቀንስም ነበር።

ከራዲዮ ወደ መድረክ

ከጦርነቱ በኋላ ፎ በ1950 ከተዋናዩ ከፍራንኮ ፓሬንቲ ጋር ተዋወቀ፤ ብዙም ሳይቆይ በኢጣልያ ራዲዮ የራሱ ዝግጅት ተሰጠው። «ምስኪን» የሚል ትርጉም ያለው ርዕስ የያዙት እነዚህ ቃለ ብቸኛ ቀልዶች የታወቁትን ታሪኮች ገልብጠው የሚያሳዩ ነበሩ። ለምሳሌ አቤልና ቃየል ሲቀርቡ፣ አቤል ሁሉ የሚያሞግሰው ቆንጆ ቅምጥል፣ ቃየል ደግሞ ምንም ቢደክም የማይመሰገን ምስኪን ሆኖ ይታያል። አድማጩ ይሥቃል፤ ሣቁ ሲያበቃ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ የሰማውን ታሪክ የነገረው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ይጀምራል። የራዲዮው ኃላፊዎች ይህንኑ በመረዳታቸው ዝግጅቱን አቋረጡት።

በ1953 ፎ ከፓሬንቲና ከጁስቲኖ ዱራኖ ጋር ሆኖ በሚላኖው ፒኮሎ ቴያትር «ጣት በዓይን ውስጥ» የተባለ የጭውውቶች ስብስብ አቀረበ። ሦስቱ ወጣቶች የዓለምን ታሪክ ከጥንት ጀምሮ በአጫጭር ትርኢት እያሳዩ፣ በመማሪያ መጻሕፍት የሰፈሩትን ጀግኖች ከሠረገላቸው አወረዷቸው። በእንቅስቃሴ የመናገርን ጥበብ በማሠልጠን ፈረንሳዊው ዣክ ለኮክ ረድቷቸዋል። በዚያን ጊዜ የተለመደው የመድረክ ቀልድ የሚደምቀው በጭፈራና በቆነጃጅት አጀብ ነበር፤ እነርሱ ግን ባዶ መድረክ፣ ሦስት አካልና አንድ ሐሳብ ብቻ ይዘው ወጡ።

በተከታዩ ዓመት የቀረበው «ሊታሰሩ የሚገባቸው ጤነኞች» ስለ ዘመኑ የኢጣልያ ኑሮ የሚናገር ሲሆን ሳንሱሩ ክፉኛ ቆራረጠው። ይህም አልበቃ ብሎ ፖሊሶች ማታ ማታ የተፈቀደውን ጽሑፍ ይዘው አዳራሽ ውስጥ እየተቀመጡ፣ ተዋንያኑ ከጽሑፉ የወጣ ቃል ተናግረው እንደ ሆነ ያመሳክሩ ነበር። ፎ ከዚህ አንድ ትምህርት ሳያገኝ አልቀረም፤ ቃሉ ሲቆረጥ የዓይን ጥቅሻ፣ የእጅ ምልክትና የዝምታ ርዝመት የተቆረጠውን ይተካል። ሰምና ወርቅ ለለመደ ሕዝብ ይህ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም።

በዚያው በ1954 ፎ ከፍራንካ ራሜ ጋር ተጋባ። ፍራንካ የተወለደችው ከዘዋሪ የቴያትር ቤተሰብ ሲሆን፣ ገና ሕፃን ሳለች ጀምሮ በመድረክ ላይ ያደገች ናት። ዕውቀቱ ከአባቶቿ የወረደ ነው። አንድ ትዕይንት የት ላይ እንደሚላላ፣ ተመልካቹ መቼ እንደሚሰለች ከማንም በፊት የምታውቀው እርሷ ነበረች። ባልና ሚስቱ በ1950ዎቹ መጨረሻ የራሳቸውን ቡድን አቋቁመው በሚላኖ ታላላቅ አዳራሾች ሠሩ፤ ገንዘብም ዝናም አገኙ።

ስምንተኛው ምሽት

በ1962 የኢጣልያ ቴሌቪዥን «ካንሶኒሲማ» የተባለውን፣ ከሎተሪ ጋር የተያያዘና በአገሪቱ እጅግ የታወቀ የዘፈን ዝግጅት እንዲመሩ ፎንና ራሜን ጋበዘ። በዘፈኖቹ መካከል የሚገባው ጭውውት በፎ የሚጻፍ ነበር። እስከዚያ ጊዜ ድረስ በኢጣልያ ቴሌቪዥን ላይ ሠራተኛ፣ ፋብሪካና የሥራ አደጋ ለቀልድ ቀርበው አያውቁም ማለት ይቻላል። ከጭውውቶቹ አንዱ በቆርቆሮ ሥጋ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ ሰው ታሪክ ነው። ወፍራም አክስቱ ልትጠይቀው ትመጣና ከሥጋ መፍጫው ውስጥ ትወድቃለች፤ ሥራው እንዳይቋረጥ መሣሪያው አይቆምም፤ እርሱም አክስቱን በጣሳ ታሽጋ ወደ ቤቱ ይወስዳታል። በሌላው ጭውውት ማፊያ ጋዜጠኛን ሲገድል ይታያል። በጉዳዩ ላይ በምክር ቤት ውስጥ ሳይቀር ተቃውሞ ተሰማ፤ የማስፈራሪያ ደብዳቤም ይጎርፍ ጀመር።

ለስምንተኛው ምሽት፣ ለኅዳር 29 ቀን የተዘጋጀው ጭውውት ስለ አንድ የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ነበር። ሰውየው ሠራተኞቹን ከአደጋ የሚጠብቅ መሣሪያ እንዲገዛ ሲጠየቅ ገንዘቡን ያሳሳል። በዚያን ሰሞን የሕንፃ ሠራተኞች በሥራ ማቆም አድማ ላይ ነበሩ። ጣቢያው ጭውውቱ እንዲቀር ወይም እንዲቆረጥ ጠየቀ። ፎና ራሜ ግን የተቆረጠውን ከማቅረብ ይልቅ ዝግጅቱን ጥለው ወጡ። ቦታቸውን እንዲይዙ የተጠየቁ ታዋቂ ቀልደኞችም አሻፈረን አሉ። ጣቢያው ባልና ሚስቱን ከሰሳቸው፤ እስከ 1977 ድረስም ለ14 ዓመታት ያህል የቴሌቪዥን በር ተዘጋባቸው።

በዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ፎ ያን ምሽት ጥቂት ቃላት ቢቀንስ ኖሮ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ጭውውት ለማቅረብ ይችል ነበር፤ ብዙ ጥሩ አርቲስት በየአገሩ የኖረው በዚሁ ስሌት ነው። እርሱ የመረጠው መንገድ ዋጋው ከባድ ነው፤ ታላቁን ተመልካቹን አጣ። ሆኖም ከዚያ ቀን በኋላ ፎ የሚቀልደው ማንም ሊያስቆመው የማይችለውን እንደ ሆነ የኢጣልያ ሕዝብ ሁሉ ዐወቀ። ለቀልደኛ ከዚህ የበለጠ ሀብት የለም።

ወደ ሕዝቡ አዳራሾች

በ1968 ፎና ራሜ ሀብታሞች የሚያዘወትሯቸውን ቴያትር ቤቶች ትተው «አዲስ መድረክ» የተባለ ማኅበር አቋቋሙ። ትርኢታቸውን የሚያቀርቡት በሠራተኞች ክበብ፣ በሕዝብ ቤቶችና በስፖርት አዳራሾች ሆነ። ትርኢቱ ሲያበቃ ተመልካቹ አይበተንም፤ ከተዋንያኑ ጋር ተቀምጦ ስላየው ነገር ይከራከራል። ይህን ክርክር «ሦስተኛው ገቢር» ብለው ሰየሙት። ሠራተኞቹ በሚናገሩት መሠረት ጽሑፉ ለማግስቱ ይሻሻል ነበር።

ማኅበሩ የኮሚኒስት ፓርቲው የባህል ድርጅት በሚያስተዳድራቸው አዳራሾች ይጠቀም ስለ ነበር መጀመሪያ ላይ ስምምነት ሰፍኖ ነበር። ነገር ግን ፎ ባለጸጋውን በተቸበት ብዕር የፓርቲውን ቢሮክራሲም ሲተች ፍቅሩ ተቋረጠ፤ በ1970 ተለያይተው እርሱ «ላ ኮሙኔ» የተባለውን ቡድን አቋቋመ። ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ለማንኛውም የባህል ሠራተኛ የሚጠቅም ነው። ጠላትን ብቻ የሚነካ ስላቅ እንዲጨበጨብለት ይደረጋል፤ የስላቅ እውነተኛ ፈተና የሚመጣው የገዛ ቤትን ጉድፍ ሲነካ ነው።

በ1969 ፎ ዋና ሥራው የሆነውን «አስቂኙ ምሥጢር» ይዞ ለብቻው መድረክ ላይ ወጣ። ይህ ሥራ በመካከለኛው ዘመን ዘዋሪ ቀልደኞች በየአደባባዩ ይጫወቷቸው በነበሩ ትርኢቶች ላይ የተመሠረተ ነው። አንድ ሰው በጥቁር ሹራብ፣ ያለ መጋረጃና ያለ ዕቃ፣ አሥራ አምስት ሰው ሆኖ ይታያል። በአንደኛው ትርኢት ረኀብ ያሳበደው ገበሬ በሐሳቡ ድግስ ሲበላ፣ ቀጥሎም የራሱን አካል ሲበላ ይታያል፤ በመጨረሻ የሚያገኘው እውነተኛ ምግብ አንዲት ዝንብ ናት። በሌላው፣ መሬቱን በጌታ የተነጠቀና ሚስቱ የተደፈረችበት ገበሬ ራሱን ሊሰቅል ሲል ክርስቶስ እንግዳ ሆኖ መጥቶ ከንፈሩን ይስመዋል፤ ከዚያ ቅጽበት ጀምሮ ምላሱ እንደ ቢላዋ የተሳለ ይሆናል። የቀልደኛ አወላለድ ይህ ነው ይላል ፎ።

ቋንቋውም ልዩ ነው። የሰሜን ኢጣልያን የገጠር ዘዬዎች ይቀላቅላል፤ አንዳንዴም «ግራመሎ» የሚባለውን፣ ቃሉ ትርጉም የሌለው ዜማውና እንቅስቃሴው ግን ሁሉን የሚያስረዳ ንግግር ይጠቀማል። በ1977 ሥራው በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ቫቲካን ብርቱ ተቃውሞ አሰማ።

እብዱና ፖሊሶቹ

ታኅሣሥ 12 ቀን 1969 በሚላኖ በፎንታና አደባባይ በሚገኝ ባንክ ውስጥ የተቀበረ ቦምብ ፈንድቶ 17 ሰዎች ሞቱ። ፖሊስ አናርኪስቶችን ሰበሰበ። ከተያዙት አንዱ ጁዜፔ ፒኔሊ የተባለ የባቡር ሠራተኛ ከሦስት ቀን በኋላ ሌሊት ከፖሊስ ጣቢያው አራተኛ ፎቅ መስኮት ወድቆ ሞተ። ፖሊስ ራሱን ወረወረ አለ፤ የአወራወሩ ታሪክ ግን በየጊዜው ይለዋወጥ ነበር። በ1975 የተጠናቀቀው የፍርድ ምርመራ ሞቱ ግድያም ራስን መግደልም አይደለም፣ ድንገተኛ ሕመም የጣለው ነው ብሎ ዘጋው። ሰውየው በፍንዳታው እጁ እንደሌለበት ግን ታውቋል። ፍንዳታውም የአዲሶቹ ፋሺስቶች ሥራ እንደ ነበር የኢጣልያ ፍርድ ቤቶች ከብዙ ዓመታት በኋላ አረጋግጠዋል።

ፎ አንድ ዓመት ሳይሞላ፣ በታኅሣሥ 1970፣ «የአንድ አናርኪስት ድንገተኛ አሟሟት» የተባለውን ተውኔት አቀረበ። አንድ እብድ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ገብቶ ከፍተኛ ዳኛ መስሎ ይቀመጣል፤ ፖሊሶቹንም ምስክርነታቸው እንዲሰምር እረዳችኋለሁ እያለ ነገሩን ደግመው ደጋግመው እንዲያሳዩት ያደርጋል። ውሸቱ በራሱ ክብደት ይፈርሳል። ተውኔቱ በዚያው ጊዜ ከሚካሄደው ችሎት የሚወጣውን ቃል እየተከተለ ይለወጥ ስለ ነበር፣ የሚያስቀው ንግግር የትኛው ከመዝገብ የተወሰደ የትኛው ከደራሲው የመነጨ እንደ ሆነ ለመለየት ያስቸግር ነበር።

ዋጋው ዘግይቶ አልቀረም። መጋቢት 9 ቀን 1973 የፋሺስት ወገን የሆኑ ሰዎች ፍራንካ ራሜን በሚላኖ መንገድ ላይ በጉልበት መኪና ውስጥ አስገብተው አሠቃዩአት፣ ደፈሯት። እርሷ ወደ መድረክ ተመለሰች። ከዓመታት በኋላም የደረሰባትን ግፍ በቃለ ብቸኛ ተውኔት ጽፋ፣ ሴቶች በዝምታ የሚሸከሙትን ሕማም በሕዝብ ፊት ተናገረች። በዚያው በ1973 ኅዳር ወር ፎ በሳርዲኒያ ደሴት ፖሊስ ልምምድ ላይ እንዳይገባ በመከልከሉ ታሰረ። አሜሪካም በ1980 የመግቢያ ፈቃድ ነፈገቻቸው። ባልና ሚስቱ ግን ሥራቸውን አላቆሙም። በ1974 የቀረበው፣ በኑሮ ውድነት የተማረሩ ሴቶች ከሱቅ ዕቃ አንሥተው አንከፍልም ሲሉ የሚያሳየው ተውኔት በብዙ አገሮች መድረክ ታይቷል።

የሣቁ ትርጉም

በ1997 ሽልማቱ ሲሰጥ ሸላሚዎቹ የጠቀሱት ምክንያት ፎ የመካከለኛውን ዘመን ቀልደኞች ፈለግ ተከትሎ ሥልጣንን መገሠጹንና የተረገጡትን ክብር መጠበቁን ነው። እርሱም ክብሩን ከፍራንካ ጋር ተካፍሏል፤ ከጻፋቸው ብዙዎቹ የእርሷም ናቸውና። ፍራንካ በ2013፣ ዳሪዮ ፎ ደግሞ ጥቅምት 13 ቀን 2016 በ90 ዓመቱ በሚላኖ አረፉ።

በሥራዎቹ ላይ የሚቀርበው ትችት መሠረት የለሽ አይደለም። የዕለቱን ወሬ ተከትለው የተጻፉት ብዙዎቹ ከወሬው ጋር አርጅተዋል፤ ሌሎች ተዋንያን ሲጫወቱት የፎ አካል የጎደለው ጽሑፍ አንዳንዴ ይቀጥናል። ነገር ግን እርሱ ስለ ሣቅ የያዘው እምነት አላረጀም። ተመልካቹ በቴያትሩ አልቅሶ ወይም ሥቆ ወጥቶለት፣ ልቡ ቀልሎት ወደ ቤቱ እንዲገባ ፎ አይፈልግም ነበር። ሣቁ አፍን ሲከፍት አብሮ አእምሮም እንዲከፈት፣ ቁጣውም ሳይበርድ በውስጡ እንዲቀር ነበር ምኞቱ።

በእኛ አገር ጭውውት በቴያትር ቤቶቻችን ከዘፈን ጋር ሲቀርብ፣ በበዓል ዋዜማም በቴሌቪዥን ቤተሰብን ሲያሰባስብ ኖሯል። የአዝማሪውም ምላስ ከዚያ በፊት ጀምሮ ጌቶችን ሲሸነቁጥ ኖሯል። እንግዲህ ለጭውውት ጸሐፊዎቻችን የሚቀርበው ጥያቄ ቀላል ነው፤ ተመልካቹ የሚሥቀው በማን ላይ ነው? በገጠሬው አነጋገር፣ በአካለ ጎዶሎው፣ በድኻው ላይ ከሆነ ሣቁ ማንንም አያስፈራም። ለመምህራንም አንድ ሥራ አለ። ተማሪዎች በአንድ የታወቀ ታሪክ ውስጥ ቃል ያልተሰጠውን ሰው ፈልገው ለእርሱ አጭር ጭውውት እንዲጽፉ ማድረግ፣ ታሪክንም ኪነትንም በአንድ ጊዜ ማስተማር ነው።

በመጋቢት 1929 ዓ.ም. የተገደሉት 70 ሰዎች ስማቸው በቴሌግራሙ ላይ አልሰፈረም፤ የተናገሩትም ቃል ተመዝግቦ አልቆየልንም። የቀረልን የገዳያቸው ፍርሃት ነው። ያ ፍርሃት ግን ራሱ ምስክር ነው፤ ቃላቸው ከልብ ይደርስ እንደ ነበር ይመሰክራል።